አንድ ቆጣሪ ወይስ ሁለት? ስለ ሆትስፖትና ስለ ታብሌት ዳታ

(በትምህርት ቤታችን 50ኛ ዓመት በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)





ከእኛ በፊት የተናገሩት የቀድሞ ተማሪዎች በእነርሱ ጊዜ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ለአራት ተማሪዎች ይዳረስ እንደ ነበረ፣ መጽሐፉም በማን ቤት ይደር በማለት ዕጣ ይጣጣሉ እንደ ነበረ ነግረውናል። ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን፤ እኛ ልንናገር ያዘጋጀነው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለምና። የዛሬው መጽሐፍ በታብሌት ውስጥ ይገኛል፤ ዛሬ የሚያጣላው ግን መጽሐፉ ሳይሆን መጽሐፉን የሚያመጣው ዳታ ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው። በአንድ ቤት አንድ ስልክና አንድ ታብሌት ቢኖሩ፣ ታብሌቱ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ በሆትስፖት ቢሆን ይሻላል? ወይስ የራሱ ሲም ካርድና የራሱ የዳታ ፓኬጅ ቢኖረው ይሻላል? ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። በክበባችን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተከራክረንበታል፤ ለክርክሩም ምክንያት የሆነው ከመካከላችን በአንዱ ቤት የደረሰ ነገር ነው። የጓደኛችንን ስም አንጠራም፤ ነገር ግን አሁን ከጎናችን ቆሞ መሬት መሬት ስለሚያይ ሳታውቁት አትቀሩም።

የጓደኛችን እናት እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ምጣድ ይጥዳሉ፤ ጧት 1 ሰዓት ሳይሞላ እንጀራው በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ይደርሳል። ለነገ ስንት እንጀራ እንደሚፈለግ የሚያውቁት ማታ ደንበኞቻቸው በቴሌግራም ከሚልኩላቸው መልእክት ነው። አንዱ «ለነገ 30»፣ ሌላው «የነገው 50 ይሁን፣ እንግዳ አለብን» ብሎ ይልካል። ስለዚህ ለእርሳቸው የስልኩ ዳታ እንደ ጤፉና እንደ እርሾው የሥራቸው ዕቃ ነው። በየወሩም መጀመሪያ አስበው የአንድ ወር ፓኬጅ ይገዛሉ።

ጓደኛችን ከአጎቱ አንድ አሮጌ ታብሌት ተውሶ ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ፣ «እማዬ፣ ሆትስፖት ክፈችልኝ፤ የፊዚክስ ትምህርት ግማሽ ሰዓት ብቻ ልይ» ብሎ ለመናቸው። ከፈቱለት፤ እርሳቸውም በማለዳ ስለሚነሡ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው ተኙ። ልጁም ትምህርቱን እያየ እንቅልፍ ወሰደው። ታብሌቱ ግን አልተኛም። ቤቱ ውስጥ የማያልቅ ዋይፋይ የተገኘ መስሎት፣ ለወራት ሲያጠራቅመው የቆየውን ሥራ ሁሉ በዚያች ሌሊት ጀመረ። የራሱን ሥርዓት ማደሻ ፋይል አወረደ፤ የተጫኑበትን አፕሊኬሽኖች አንድ በአንድ አደሰ፤ የአጎቱን አሮጌ ፎቶግራፎች ሳይቀር ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ ሰቀለ። እናትየው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ስልካቸውን ሲያዩ አንድም አዲስ መልእክት የለም። ትእዛዝ የለም ብለው የዘወትሩን ያህል ጋገሩ። የወሩ ፓኬጅ ማለቁ የታወቀው ረፋድ ላይ ነው። ካርድ ተሞልቶ አነስተኛ ፓኬጅ ሲገዛ መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ፤ ከእነርሱም መካከል ሌሊቱን ያልደረሰ የ60 እንጀራ ትእዛዝ ነበረ። የዚያን ቀን እንጀራ አልተጣለም፤ ሆኖም ያ ደንበኛ ወደ ሌላ ጋጋሪ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

እናቱ አልተቈጡትም። ይልቁንም «ልጄ፣ የመብራት ቆጣሪ ለብቻዬ ያስገባሁት ለምን ይመስልሃል?» አሉት። ይህን አነጋገር የሚያውቅ ያውቀዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ፣ ወሩ ደርሶ ሒሳቡ በመጣ ጊዜ «ምጣድ የምትጥደው እርሷ ናት»፣ «ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያበራው እርሱ ነው» እየተባለ ስንት ጉርብትና ተበላሽቷል! እናትየውም በዚሁ ክርክር ሦስት ዓመት ከተቸገሩ በኋላ ነው የራሳቸውን ቆጣሪ ያስገቡት። እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ በክበባችን ስለ ሆትስፖት ስንነጋገር «አንድ ቆጣሪ»፣ ስለ ሌላ ሲም ስንነጋገር «ሁለት ቆጣሪ» እንላለን።

ጓደኛችን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት «ሆትስፖት ክፈችልኝ» ለማለት አልደፈረም። የፊዚክስ የቤት ሥራውንም ሳይሠራ መጣ። የፊዚክስ መምህራችን እዚህ ስላሉ ምክንያቱን ዛሬ በይፋ ሰምተዋልና ይቅርታ እንደሚያደርጉለት ተስፋ እናደርጋለን።

በዚሁ መካከል በዱባይ የሚሠሩት አክስቱ ደወሉ። ለትምህርቱ የሚሆን ታብሌት ሊገዙለት አስበዋል፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰውም አግኝተዋል፤ ሰውየው የሚነሣው ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። «ሲም የሚገባበት ይሁን ወይስ ዋይፋይ ብቻ ያለው? ሲም ያለው ዋጋው ከፍ ይላል» ብለው ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም። ጥያቄውንም ይዞ ወደ እኛ መጣ።

እንግዲህ መልስ ለመስጠት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ሆነብን። ሆትስፖት ማለት ስልኩ በሁለት በኩል የሚነጋገር ተላላኪ ሲሆን ነው። በአንድ ወገን በሞባይል መሥመር ከቴሌ ማማ ጋር ይገናኛል፤ በሌላው ወገን ራሱ ትንሽ የዋይፋይ ጣቢያ ሆኖ ታብሌቱን ያስተናግዳል። አንድ ቤተሰብ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ ሁሉ እንደሚቀበልና ቤት ሲደርስ ለየስሙ እንደሚያድል፣ ስልኩም ታብሌቱ የጠየቀውን በራሱ አድራሻ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲመጣም ለታብሌቱ ያስተላልፋል። ስለዚህ በማማው በኩል ሲታይ ያለው አንድ ደንበኛ ነው፤ የሚቈጠረውም በአንድ ሒሳብ ነው። ታብሌቱ የበላው ሁሉ ከስልኩ ፓኬጅ ላይ ይቀነሳል። ቀድሞ በጎረቤት ቤት ፍም ጭሮ እሳት ማቀጣጠል ነበረ፤ ነገር ግን ፍም አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ የተቀባዩ እሳት ይሆናል። ሆትስፖት እንደዚያ አይደለም፤ ባለ ስልኩ ተነሥቶ ሲሄድ እሳቱም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ክርክር በእኛ ግቢ የተጀመረ አለመሆኑንም አነበብን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 አፕል የመጀመሪያውን አይፓድ ለገበያ ሲያቀርብ ዋይፋይ ብቻ ያለው ትንሹ በ499 ዶላር ሲሸጥ፣ ያው መጠን ሆኖ ሲም የሚገባበት ደግሞ በ629 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለሲሙ መግቢያ ብቻ 130 ዶላር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ኤ ቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ለ2 ጊጋባይት በወር 25 ዶላር ማስከፈል ጀመረ፤ ደንበኛው ዳታውን ከስልኩ ወደ ሌላ መሣሪያ ማጋራት ቢፈልግ ደግሞ ሌላ 20 ዶላር ይጨምር ነበር። የሚገርመው፣ ለ20 ዶላሩ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይጨመርለትም ነበር፤ የገዛውን የራሱን 2 ጊጋባይት ለማካፈል ብቻ የተከፈለ ዋጋ ነው። በ2012 ደግሞ ቬራይዘን የተባለው ኩባንያ፣ ደንበኞቹ ዳታ የሚያጋሩባቸው አፕሊኬሽኖች ከጎግል መደብር እንዳይገኙ ጠይቋል ተብሎ በአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከተመረመረ በኋላ 1.25 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነገሩ አለቀ። በእኛ አገር ግን የሆትስፖት ዋጋ ተብሎ ለብቻው ሲጠየቅ በቤታችን አላየንም። ሆኖም «ያልተገደበ» ተብሎ የሚሸጥ ፓኬጅ ሲገዛ ማጋራትን የሚከለክል ወይም ፍጥነትን የሚቀንስ ቃል በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድመን የመረመርነው ያንን የሐሙስ ሌሊት ነው። ታብሌት ዋይፋይ ሲያገኝ «ይህ በልክ የማይከፈልበት ነው» ብሎ ይገምታል፤ ከባድ ሥራዎቹንም ለዚያ ጊዜ ያቆያል። አንዳንድ ታብሌቶች፣ ይልቁንም ስልኩና ታብሌቱ በአንድ ዓይነት ሥርዓት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የሚያስተናግዳቸው የስልክ ሆትስፖት መሆኑን ለይተው ያውቃሉ፤ የአጎትየው አሮጌ ታብሌት ግን አልለየም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በታብሌቱ የዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ፣ ያ ሆትስፖት በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ማመልከት ነው፤ በአይፓድም የዳታ ቁጠባ የሚባለውን መክፈት ነው። በስልኩም በኩል ዳታው ከተወሰነ መጠን ሲደርስ እንዲቆም ልክ ማበጀት ይቻላል። ይህን ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያን ሌሊት ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት ቢኖር ኖሮ 60ውም እንጀራ ይጋገር ነበር።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ቢደረግ እንኳ ታብሌት ከስልክ ይበልጥ ይበላል። ምክንያቱም ስክሪኑ ሰፊ ስለ ሆነ ነው። ቪዲዮ የሚያሳዩ ድረ ገጾች ጥራቱን በራሳቸው እንዲመርጡ ከተተዉ፣ የስክሪኑን ስፋትና የመሥመሩን ፍጥነት አይተው ከፍ ያለውን ይሰጣሉ። በመካከለኛ ጥራት፣ ማለት 480 በሚባለው፣ አንድ ሰዓት ትምህርት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ720 ሲሆን አንድ ጊጋባይት ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልፋል። ተማሪው በሳምንት አምስት ማታ አንድ አንድ ሰዓት በመካከለኛው ጥራት ቢያይ በሳምንት ሁለት ጊጋባይት ተኩል፣ በአራት ሳምንት 10 ጊጋባይት ሊሆን ነው። የቴሌግራም ጽሑፍ ግን፣ ፎቶና ቪዲዮ ካልታከለበት፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እንደ ጨው ቁንጣሪ ነው። ባለ እንጀራዋ እናት በወር የሚያስፈልጋቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲገናኙ የልጁ ትምህርት የእርሳቸውን ሥራ ይውጠዋል። ጥራቱን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ 360 ይበቃል። ጓደኛችን ግን ጽሑፉ ደቃቅ ሲሆን እንደማይነበብ ይከራከራል፤ ዓይኑን ቢታከም ይሻላል ያሉም አሉ።

ስለ ባትሪም አንድ ነገር እንበል። ስልክ ሆትስፖት ሲሆን በአንድ ጊዜ ከማማውም ከታብሌቱም ጋር ስለሚነጋገር ይሞቃል፤ ባትሪውም በቶሎ ይደክማል። መብራት በጠፋ ማታ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በማለዳ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው የደከመ ስልክ ይዞ ይነሣል። በኬብል ማገናኘት የሚቻል ሲሆን ግን ስልኩ በኬብሉ ኃይል ሊያገኝ ይችላል፤ በብሉቱዝ ማጋራትም ባትሪ ይቈጥባል፤ ፍጥነቱ ግን አነስተኛ ስለ ሆነ ለጽሑፍ እንጂ ለቪዲዮ አይመችም።

ለሆትስፖት የምንመሰክርለት ደግሞ አለ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ውስጥ መሥመር ሲደክም ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ፣ ታብሌቱን ይዞ ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ ይቻላል። ታብሌቱ የራሱ ሲም ቢኖረው ተማሪው ራሱ መስኮቱ ላይ መቀመጥ ሊኖርበት ነው! በተጨማሪም አሮጌ ታብሌት የስልኩን ሆትስፖት ጨርሶ የማያየው ከሆነ፣ ስልኩ በ5 ጊጋኸርትዝ እየላከ ይሆናል፤ ወደ 2.4 ሲለወጥ ይታያል፤ ግድግዳም አልፎ በተሻለ ይሰማል። በዚህ ምክንያት ብቻ ታብሌቱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ጥገና ቤት ሲወሰድ አይተናል።

እስከዚህ ድረስ ከተናገርነው ብዙው በሆትስፖት ላይ የተነሣ ክስ ይመስላል። ሁለተኛ ቆጣሪም የራሱ ዕዳ አለው። የጊዜ ገደብ ያለው ፓኬጅ ቀኑ ሲያልፍ ተራፊው ይጠፋል። በአንድ ስልክ ላይ ቢሆን ቤተሰቡ ተጋግዞ ይጨርሰው የነበረ ዳታ፣ በሁለት ሲም ሲከፈል በሁለቱም ላይ ጥቂት ጥቂት ሊተርፍና ሊባክን ይችላል። ደግሞም በጅምላ የተገዛ ዳታ ከችርቻሮው ስለሚረክስ፣ አንድ ትልቅ ፓኬጅ ከሁለት ትንንሾች ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ይህን ያነሣው የክበባችን ሒሳብ ያዥ ነው፤ ትክክልም ነው። ሌላም ችግር አለ። ብዙ ታብሌቶች ስልክ መደወል ስለማይችሉ *999# ብሎ ፓኬጅ መግዛት አይቻልባቸውም፤ ሲሙን አውጥቶ ስልክ ውስጥ መክተት፣ ወይም በአፕሊኬሽን መግዛት፣ ወይም ከሌላ ስልክ በስጦታ ማስላክ ያስፈልጋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ይህ የቀድሞውን ያህል አያስቸግርም። ሲም ካርድም በመታወቂያ የሚወጣ ነገር ስለ ሆነ መታወቂያ ያላወጣ ተማሪ በወላጁ ስም ማስወጣት ይኖርበታል። እንግዲህ ቆጣሪው ሁለት ቢሆንም ባለቤቱ አሁንም ወላጅ ነው።

በዚህ ላይ አንዲት የክበባችን አባል የተናገረችውን ሳንጠቅስ አናልፍም። እርሷ ሁለተኛ ሲም አትፈልግም። «እናቴ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆትስፖቱን ስትዘጋው እተኛለሁ፤ በእጄ ቢሆን ግን የሚዘጋልኝ የለም» አለች። ብዙ ወላጆችም የሚፈሩት ይህንኑ መሆኑን እናውቃለን፤ ዳታው ለፊዚክስ ተገዝቶ በቲክቶክ ሲያልቅ አይተዋልና። እኛም በዚህ ነገር አልተስማማንም። ግማሾቻችን የራስን ዳታ በራስ መጠበቅ ከአሁኑ መለመድ አለበት አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ትንሽ የሳምንት ፓኬጅ ራሱ በቂ አጥር ነው፣ ሲያልቅ አልቋል አልን። እርሷ ግን በአሳቧ ጸናች፤ በሴሚስተሩ ውጤትም ከሁላችን ትበልጣለችና ብዙ ልንከራከራት አልደፈርንም።

ለጓደኛችን ግን ነገሩን የቈረጠው ሰዓቱ ነው። እናቱ ቀን ቀን ስልካቸውን ይዘው ወደ ገበያና ወደ ደንበኞቻቸው ይሄዳሉ፤ ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ይተኛሉ። እርሱ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው እርሳቸው ሳይመለሱ ነው፤ የሚያጠናውም እርሳቸው ሲተኙ ነው። ስለዚህ ስልኩ በቤት የሚኖርበትና የጥናቱ ሰዓት የሚገናኙት በቀን ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ያም ትእዛዝ የሚመጣበት ሰዓት ነው። ሁላቸውም ማታ በአንድ ክፍል ተሰብስበው በሚያመሹበት ቤት ሆትስፖት ይበቃል፤ እኛም በዚያ ቤት ተጨማሪ ሲም ግዙ አንልም። በዚህ ቤት ግን አይበቃም። በቀድሞው ጊዜ፣ ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ በክፍል ውስጥ በፕላዝማ ትምህርት ይሰጥ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ይነግሩናል፤ ትምህርቱ በራሱ ሰዓት መጥቶ፣ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ በራሱ ሰዓት ይሄድ ነበር ይላሉ። ጓደኛችንም በእናቱ ሆትስፖት ሲማር ያለው እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ መንገድም ታይቶ ነበር፤ በኪስ የሚያዝ የዋይፋይ ሞደም ገዝቶ ቤት ውስጥ መተው። ብዙ ልጆች ላሉበት ቤት ጥሩ ነው። ለአንድ ታብሌት ግን ሦስተኛ ዕቃና ሦስተኛ ቻርጀር ማብዛት መስሎ ስለ ታየን ተውነው።

የክርክራችን ፍሬ የተገኘው በመጨረሻው ማታ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለት ጥያቄዎችን እንደ አንድ ጥያቄ እያየን ነበር። ፓኬጅ በየሳምንቱ የሚወሰን ነገር ነው፤ በዚህ ሳምንት ተገዝቶ በሚቀጥለው ሊተው ይችላል። የሲሙ መግቢያ ግን ታብሌቱ በሚገዛበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰናል፤ ዋይፋይ ብቻ ሆኖ የተሠራ ታብሌት በኋላ ሲም ይግባበት ቢባል አይሆንም። ሲም የሚገባበት ታብሌት ያለው ሰው ሁለቱም በር ክፍት ነው፤ ሲፈልግ በሆትስፖት፣ ሲፈልግ በራሱ። ዋይፋይ ብቻ ያለው ግን ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቆጣሪ ይጠብቃል። ስለዚህ ለአክስቱ እንዲህ ብለን መለስን፤ «ሲም የሚገባበት ይሁን፤ ዋጋው ከበዛ ግን ከማጠራቀሚያው መጠን ይቀነስ፤ ማጠራቀሚያ ትንሽ ቢሆን ያነበቡትን እያጠፉ ይኖራል። ደግሞም ለአንድ የስልክ ኩባንያ ብቻ የተቈለፈ አለመሆኑ ይጠየቅ»። ይህ የመጨረሻው ነገር የተጨመረው በውጭ አገር በኮንትራት የተሸጠ ዕቃ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ኩባንያ ሲም ስለማይቀበል ነው። ዕቃው ከመጣ በኋላ የማስከፈቻ ገንዘብ ከመፈለግ አስቀድሞ መጠየቅ ይቀላል።

ታብሌቱ መጣ። ጓደኛችን አሁን ትምህርት ባለበት ሳምንት ትንሽ የሳምንት ፓኬጅ ይገዛል፤ በዕረፍት ጊዜ ምንም አይገዛም። የመማሪያ መጻሕፍቱን ዋይፋይ በሚገኝበት ቦታ አስቀድሞ አውርዶ ያስቀምጣል፤ አንድ ጊዜ የወረደ መጽሐፍ ዳግመኛ ዳታ አይጠይቅምና። ፓኬጁ ሳምንቱ ሳይሞላ ያለቀ እንደ ሆነ እናቱ ቤት ሲኖሩ ሆትስፖት ይለምናል፤ እርሳቸውም በስልካቸው ላይ ልክ ስለ ተበጀለት ሳይሠጉ ይከፍቱለታል። በሌላ አነጋገር ቆጣሪው ሁለት ሆነ፤ በመካከሉ ያለው ሽቦ ግን አልተቈረጠም።

ሲሙን ሲያወጣም የእናቱ ስልክ ከሚሠራበት ኩባንያ ሳይሆን ከሌላው እንዲሆን መከርነው። እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ እንዲህ ያለ ምክር መስጠት አይቻልም ነበር፤ በመላው አገሪቱ የነበረው አንድ ብቻ ነበርና። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ግን ምርጫ ተገኘ። በመኖሪያ ሰፈር የሚደርሰው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ በጎረቤት ስልክ መሞከር ነው፤ ጓደኛችንም እንዲሁ አድርጎ ነው የገዛው።

የዚህ ምክር ጥቅም ባለፈው ወር ታየ። አንድ ማታ የእናቱ ስልክ መሥመር ጠፋ፤ ዳታው አለ፣ መልእክት ግን አይገባም። ትእዛዝ የሚመጣበት ሰዓት ነበር። እናትየው ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ወደ ልጃቸው ጠረጴዛ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሆትስፖት ክፈትልኝ» አሉት። ከፈተላቸው። መልእክቶቹ ገቡ፤ የቀረ ትእዛዝ አልነበረም። ከዚያም ስልካቸውን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ መለስ ብለው፣ «ስንት ቆጠረብህ?» ብለው ጠየቁት።

ታብሌቱን ከአዳራሹ በስተ ኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። የሆትስፖትን ልክ እንዴት እንደሚያበጁ ማየት የሚፈልጉ ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ቢመጡ እያንዳንዳችን ለማሳየት ዝግጁ ነን።